የጓደኛዬ ሽኝት ላይ መጠጡን አንተ ያዝልኝ ተብያለሁ፣ ለ60 ሰው እንዴት ላርገው?

የኮተቤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ወደ ካናዳ ሊሄድ ነው፣ ትኬቱ ተቆርጧል እሁድ ማታ ይበራል። ቤተሰቦቹ ቅዳሜ እዛው ግቢያቸው ውስጥ የሽኝት ፕሮግራም አስበዋል፣ ድንኳን ምናምን የለም ሸራ ብቻ ነው ሚወጠረው። ምግቡን እናቱና የሰፈር ሴቶች ይዘውታል፣ እኔን ደሞ "መጠጡን ላንተ ሰጥቼሃለሁ ሌላ ሰው አላምንም" አለኝ። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ወንድሜ ማለት ነው እና ሳይሄድ አንድ ነገር በእጄ ልሰራለት እፈልጋለሁ። ግን ድግስ ላይ ወንበር ከማመላለስ ውጪ መጠጥ ክፍል ይዤ አላውቅም።

ሰዉ 60 አካባቢ ነው። ግማሹ የኛ እድሜ፣ ሌላው ዘመድ፣ የእድር ሰዎችና ጎረቤት። ከጎረቤቶቹ አብረን ያደግን ሙስሊም ቤተሰቦችም አሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀምርና እስከ ማታ 4 መሄዱ አይቀርም። ቢራ፣ ትንሽ ወይን፣ ለስላሳ፣ ውሃ እንገዛለን፣ ጠጅ ታዟል፣ አጎቱ አንድ ውስኪ ያመጣሉ።

ስንት ስንት ልግዛ? ፍሪጃቸው ትንሽ ነው መብራት ደሞ ሊሄድ ይችላል፣ እንዴት ነው ማቀዘቅዘው? ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፣ ሁሉም ሰው ተራ በተራ እየመጣ "በሞቴ አንድ ብቻ" እያለ ጓደኛዬን ማጠጣቱ አይቀርም። በማግስቱ ሻንጣ ሚዘጋ ልጅ ነው፣ ሰው ሳይቀየም እንዴት ልከላከልለት?

ባርማን ነበርኩ፦
ወንድሜ እንኳን አንተን መረጠ። ሆቴል ውስጥ ባርማን ሆኜ ብዙ ሰርቻለሁ፣ የግቢ ድግስም ሰው ሲጠራኝ እሄዳለሁ፣ እና ስሌቱን እንዲህ አርገው። ከ60ው ቢራ ሚጠጣው 35 ቢሆን ነው፣ ለአንድ ሰው በአማካይ 4 ብትይዝ 140 ጠርሙስ ይመጣል፣ ሳጥኑ 24 ነው ስለዚ 6 ሳጥን ይበቃል፣ አንድ ለመጠባበቂያ ጨምረህ 7 ያዝ። የሚገዛበት ግሮሰሪ ጋ አስቀድመህ ተነጋገር፣ ያልተከፈተውን ሳጥን እንዲመልሱልህ። ብዙዎቹ ከተግባባህ እሺ ይላሉ። ባዶውንም ቆጥረህ ነው ምትረከበውና ምትመልሰው፣ ጠርሙስ ከጠፋ ማስያዣው ላይ ይቆረጣል፣ ስለዚ ባዶ ሳጥኖቹን እግርህ ስር አስቀምጥና ሰው የጨረሰውን ወዲያው ሰብስብ። ህጻናት በሚሯሯጡበት ግቢ ሳር ውስጥ የተጣለ ጠርሙስ አደጋም ነው።

ወይን አንዱ ጠርሙስ 750 ሚሊ ነው፣ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። 6 ጠርሙስ ያዝ፣ ቀዩን አብዛ፣ አክሱማይት ሚወዱ እናቶች አይጠፉም እና አንድ ሁለት ከሱ ጨምር። ውስኪውን በመለኪያ ብቻ ቅዳ፣ 45 ሚሊ ካረግከው ከአንድ 750 ጠርሙስ 16 ይወጣል፣ በግምት ስትቀዳ ግን 10ሩም ሳይደርስ ያልቃል። ወጣቶቹ ቱርቦ ስራልን ይሉሃል፣ ቢራ ከነጭ ወይንና ስፕራይት ጋር ሚደባለቀውን። እኔ ብሆን እዚህ ድግስ ላይ አልሰራም፣ ጣፋጭ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ነው ሚሰክረው።

ማቀዘቀዣው ቀላል ነው። ከረቡዕ ጀምረህ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ እየሞላህ የነሱም ያንተም ቤት፣ ጎረቤትም ፍሪዘር ውስጥ አስገባ፣ እስከ አፉ አትሙላው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ይሰነጥቀዋል። ቅዳሜ ትልቅ በርሜል ወይ ሁለት ሳፋ አምጣ፣ ቢራውን ደርድር፣ በረዶውን ጨምር፣ ከዛ ውሃ ሙላበት። ብዙ ሰው በረዶ ብቻ ይከምራል፣ ግን በረዶ ጠርሙሱን በጥቂት ቦታ ብቻ ነው ሚነካው፣ ውሃው ዙሪያውን ሲይዘው ነው ቶሎ ሚቀዘቅዘው። የተፈጨ በረዶ ከገዛህ ደሞ ሁለት እፍኝ ጨው ጣልበት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መብራት ቢሄድም ግድ የለህም። ቢራውን ግን ፍሪዘር ውስጥ አታሳድር ይፈነዳል። የአዲስ አበባ ማታ ደሞ ታውቀዋለህ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ብርድ ስለሚገባ ሰው ቀዝቃዛ መፈለጉን ይቀንስና ወደ ቀይ ወይንና ቡና ይዞራል፣ ስለዚ ብዙውን በረዶ ለመጀመሪያዎቹ ሶስት ሰዓታት ተጠቀምበት።

የመርካቶዋ፦
ሰላም ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እንደዚ አይነት የጎረቤት ሽኝት ላይ ስንት ጊዜ ተጠርቻለሁ እና ከኛ በኩል ያለውን ልንገርህ። የለስላሳው ጠረጴዛ ለብቻው ይሁን፣ ከቢራው ራቅ ብሎ፣ የራሱ ብርጭቆ ያለው። ቢራ የተቀዳበትን ብርጭቆ አለቅልቀህ ኮካ ብትሰጠን አንጠጣበትም፣ አንናገርህም ደሞ፣ ዝም ብለን አስቀምጠን እንሄዳለን። ለስላሳውን ፊታችን ክፈተው፣ በቃ ልባችን ያርፋል። የቢራ በርሜል ውስጥ አብረህ አትዘፍዝፈው፣ ሌላ ሳፋ አርግለት። ለስላሳ 3 ሳጥን አካባቢ፣ አምቦ ውሃና ማልትም ጨምርበት፣ ምክንያቱም እኛ ብቻ አይደለንም ማንጠጣው። ነፍሰ ጡር አለች፣ መድሃኒት ሚወስድ አለ፣ መኪና ሚነዳ አለ፣ የተሳለ አለ። እነዚህ ሰዎች "ምነው አትጠጣም?" እየተባሉ ሲጠየቁ በጣም ያማቸዋል፣ ስለዚ አንተ እንደ አሳላፊ ማንንም አትጠይቅ። "ምን ልስጥህ?" በልና የጠራውን ስጠው።

የጠጅ ሰዎች ጋ ካልከበዳችሁ ብርዝም እዘዙ፣ ማርና ውሃው ሳይፈላ ያለው፣ ልጆቹም እኛም ብርሌ ይዘን አብረን እንቀመጣለን። ወላሂ እንደዛ ያረገልን ቤት እስከዛሬ ይመረቃል።

አባወራ፦
ልጄ፣ ጥያቄህ አስደስቶኛል። ስለ ጠጁ መጀመሪያ። ብርሌውን ሩብ ሊትር ብለህ አስበው፣ 30 ሰው ሁለት ሁለት ቢጠጣ 15 ሊትር ነው፣ የ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ይበቃሃል። ክዳኑን ጥርቅም አርገህ አትዝጋው፣ ጠጅ መፍላቱን ስለማያቆም ጀሪካኑ ይነፋና ስትከፍተው ልብስህ ላይ ይወጣል። ለሽማግሌ ስትቀዳ በቀኝ እጅህ፣ ግራህን ክንድህ ላይ ደግፈህ፣ ከትልቁ ጀምረህ። ይሄን ካረክ ሌላው ጉድለትህ ሁሉ ይታለፍልሃል።

አሁን "በሞቴ" ስላልከው። አንተ እምቢ ካልክ ቅሬታ ይሆናል፣ "ይሄ ማነው?" ይባላል። ሽማግሌ ካለው ግን ማንም አይከራከርም። ስለዚ ከድግሱ በፊት የልጁን አባት ወይ አጎቱን ቀርበህ አናግር፣ ምርቃቱ መጠጥ ከመከፈቱ በፊት ይሁን በላቸው፣ እኔ ባየሁት ምርቃት ወደ ማታ ሲገፋ ግማሹ ሰው ሞቅ ብሎት አያዳምጥም፣ ልጁም ራሱ የተመረቀውን አይዘውም። ከምርቃቱ ቀጥሎ አጎቱ ቆመው "ልጃችን ነገ መንገደኛ ነው፣ የናንተን ግብዣ በሱ ፈንታ እኔ እቀበላለሁ" ይበሉ። እዛው አለቀ። ሚጋብዘው ሰው ፍቅሩን ነው ሚገልጸው፣ የሚገልጽበት ሌላ መንገድ ስጠው፤ ልጁ ጉርሻ ይቀበል፣ ይተቃቀፍ፣ በየጠረጴዛው አምስት አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። አንተ ደሞ እጁ ባዶ እንዳይሆን ጠብቅ፣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ነው ሚጋበዘው። አምቦ ውሃ በብርጭቆ ከያዘ ማንም ምን እንደሆነ አይጠይቀውም።

የኮተቤ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ አባወራ ያሉኝን ዛሬውኑ አጎቱን አናግራቸዋለሁ። የለስላሳውን ነገርም ባትነግሪኝ አንድ በርሜል ውስጥ ነበር ምጨምረው እህቴ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ጓደኞቻችን "ቢራውን ትተን ድራፍት በበርሜል እናምጣ ይረክሳል" እያሉ ነው። እና ደሞ 16፣ 17 ዓመት ሚሆናቸው የአክስት ልጆች አሉ፣ እነሱ ቢራ ቢጠይቁኝስ?

ባርማን ነበርኩ፦
ድራፍቱን ተወው። በርሜሉ ብቻ አይደለም፣ ማሽን፣ ጋዝና ማቀዘቀዣ ይፈልጋል፣ መብራት ከሄደ ሙቅ አረፋ ነው ምትቀዳው። በርሜሉ በመኪና ተንገላቶ ከመጣ ደሞ ካልረጋ በስተቀር ግማሹ አረፋ ሆኖ ይፈሳል። የ30 ሊትር በርሜል በወረቀት ላይ 90 ብርጭቆ ነው፣ ልምድ ከሌለህ ግን ያን ያህል አታወጣም። አንዴ ከተከፈተ በኋላም የተረፈውን ማንም አይመልስልህም፣ ጠርሙስ ግን ይመለሳል።

ለልጆቹ አትስጥ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ተከልክሏል፣ አንተ አትሸጥም እሺ፣ ግን ሰው አምኖ የሰጠህ ቦታ ላይ ነህ። አክስትየው ራሷ መጥታ ስጠው ካለችህ ያ የሷ ነው፣ አንተ በራስህ እጅ ግን አታርገው። ስራ ስጣቸው እንደውም፣ ባዶ ጠርሙስ ይሰብስቡልህ፣ በረዶ ያመላልሱልህ፣ ደስ ይላቸዋል።

የመርካቶዋ፦
ሚነዱትንም አደራ፣ ማታ ማታ ትራፊኮቹ በትንፋሽ እየለኩ ነው። 2 ሰዓት አካባቢ ላይ እየዞርክ ቁልፍ የያዘውን ለይ፣ ራይድ ሚጠራላቸው አንድ ልጅ መድብ፣ ያኔ ነው ውሃና ቡና በብዛት ማውጣት ያለብህ።

ባርማን ነበርኩ፦
ልክ ናት። እና የቢራ መክፈቻ ሶስት ግዛ፣ አንዱን በገመድ ጠረጴዛው ላይ እሰረው፣ የወይኑን መክፈቻ ደሞ ከኪስህ አታውጣ። ብርጭቆ ካነሰ ከእድሩ መዋስ ይቻላል፣ ሐሙስ ላይ ጠይቃቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሄድክ ሌላ ቤት ወስዶታል።