መንገድ ዳር ያለች ገደል ለመውጣት ፐርሚት? እስቲ ፍረዱን

የኮለምበሱ፦
ወገኖች፣ ቅዳሜ የገጠመንን ልንገራችሁና ፍረዱ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን፣ በሁለት መኪና ሰባት ሆነን፣ ድፎ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዘን ኬንታኪ፣ ሬድ ሪቨር ጎርጅ ወረድን። የሄድነው ሮድሳይድ ክራግ ነው። ለማታውቁት፣ ስሌድ ከምትባል መንደር ወደ ደቡብ በሚወስደው 11 ቁጥር መንገድ ዳር ያለች ትንሽ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ናት። ከመኪና ወርዳችሁ ትንሽ በእግር ነው። ጀማሪው የሚለማመድበት አለ፣ ጎበዙ ደግሞ ሮ ሻምፖ በሚባለው ከባድ የመውጫ መስመር ላይ እጁን ይፈትናል።
ችግሩ ቦታው የግል ነው። የሚወጣ ሰው ሁሉ በየስሙ ኢንተርኔት ላይ ፐርሚት፣ ማለትም የፈቃድ ፎርም፣ መሙላት አለበት፤ ክፍያ የለውም። አምስታችን ሞልተን ነበር። ሁለቱ «እዚያው እንሞላለን» አሉ። እዚያ ስንደርስ ስልኩ ኔትወርክ የለውም! በመጨረሻ ሁለቱ መኪና ውስጥ ቀሩ፣ እኛም ደስ ሳይለን ወጣን። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሕዝብ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለን፣ እግዜር የሠራውን ድንጋይ «በፈቃድ ብቻ» ማለት ተገቢ ነው?

ሕግ አንባቢ፦
እግዜር የሠራው ድንጋይ ግብር የሚከፍልለት ሰው አለው፣ ወንድሜ። እኛ ያደግንበት አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ሁላችንም ሰምተናል። ኬንታኪ ግን አጥር ባይኖረውም የሰው ነው። ደግሞ ይቺ ገደል በፈረንጆቹ 2011 ጭራሽ ተዘግታ እንደነበር ታውቃለህ? የባለቤቶቹ ደንብ ስለተጣሰ ነው። ዓመታት አለፉ፣ ከዚያ ነው በፐርሚት የተከፈተችው። ፐርሚቱ ይነሳ ካልክ የምታገኘው ያንኑ የ2011ዱን መዘጋት ነው።

ጂም ይሻለኛል፦
ሁለት ሰው ባጠፋ ሺህ ሰው ይቀጣ ማለት ነው እንግዲህ። ያጠፋውን ለይቶ ማባረር አይቻልም?

ባለ ሁለት ገመድ፦
ማን እንደሆነ በምን ታውቀዋለህ? ፐርሚቱ እኮ ለዚህ ነው፤ ስም አለ።
ጥፋት ሲባል ቆሻሻ መጣል ብቻ አይምሰላችሁ። እዚያው አካባቢ ሌላ ገደል ላይ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከላይ ገመዱ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት ግማሹ ተበልቷል። የድሮ የውኃ ጉድጓድ አፍ ታስታውሳላችሁ፣ ገመድ ሲመላለስበት ድንጋዩ የሚሰረጎደው? ልክ እንደዚያ። አሥር ሆነው መጥተው ቀኑን ሙሉ በቀለበቱ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉ ሰዎች ሥራ ነው። ገመዱን በራሳችሁ ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ መንጠቆ) አድርጉ፣ የመጨረሻው ሰው ብቻ በቀለበቱ ይውረድ ቢባሉ አይሰሙም። ተሰቅሎ የሚቀር የአሉሚኒየም ካራቢነር ደግሞ ይባስ፤ ገመድ እየሞረደው ጠርዙ እንደ ቢላዋ ይሳላል፣ ከዚያ በኋላ የሚወድቀውን ሰው ገመድ ይቆርጣል። ይሄን ሁሉ የሚለውጠው ማነው? በሰው መሬት ላይ ማን ድሪል ይዞ ይውጣ? ባለቤቱ «ያለ እኔ ፈቃድ አንድ ብረት እንዳይገባ» ቢል አልፈርድበትም።

ጂም ይሻለኛል፦
እሺ፣ ታዲያ አሥር ዶላር ያስከፍሉና ጠባቂ ይቅጠሩ። ሁላችንም እንከፍላለን።

ሕግ አንባቢ፦
እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ኬንታኪ ውስጥ ኬ አር ኤስ 411.190 የሚባል ሕግ አለ። ባለመሬት ሰዎች በነፃ እንዲዝናኑበት ከፈቀደ፣ አንዱ ወድቆ ቢሰበር በቀላሉ አይከሰስም፤ አደጋ መኖሩን እያወቀ ሆን ብሎ ካልደበቀ በቀር። መግቢያ ባስከፈለ ቀን ግን ያ ከለላ ይነሳበታል። «ነፃ» የሆነው ለእኛ ታዝኖልን ብቻ አይደለም፣ ሰውየውንም ይጠብቀዋል።

የሲንሲናቲዋ፦
እዚያው አካባቢ ያለው ሌላው መውጫ፣ ሙይር ቫሊ ግን ለመኪና ያስከፍላል።

ሕግ አንባቢ፦
እሱ ከ2015 ጀምሮ የማኅበር ነው፣ የሚከፈለውም ለፓርኪንግ ነው። ማኅበርና አንድ ባለርስት አንድ አይደሉም፣ እህቴ።

ተራራ ናፋቂ፦
ለምን ትጨቃጨቃላችሁ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ እኮ አዲስ የፌዴራል ሕግ ወጥቷል። ገደል መውጣትና ብረት መትከል ተፈቅዷል።

ባለ ሁለት ገመድ፦
እሱ ስለ ፌዴራል መሬት ነው፣ በተለይ ስለ ጥብቅ ዱሮች። የሰው ጓሮ ውስጥ አይገባም።

የሲንሲናቲዋ፦
እኔ የምለው ገደሉን ራሳችን እንግዛ ነው። ቀልድ አይደለም። የሬድ ሪቨር ጎርጅ ገደል የሚወጡ ሰዎች ማኅበር በ2004 ወደ 700 ኤከር፣ በ2013 ደግሞ ሚለር ፎርክን 309 ኤከር ገዝቷል። የፈረንጅ ዕቁብ በሉት! ዛሬ የዚያ ባለቤቶች ገደል የሚወጡት ራሳቸው ናቸው። ለመሆኑ ከኛ ውስጥ የዚህ ማኅበር አባል የሆነ እጁን ያውጣ።

ባለ ሁለት ገመድ፦
እኔ አለሁ።

የሲንሲናቲዋ፦
ሌላስ? … አየህ፣ የኮለምበሱ? ነፃነት እንፈልጋለን፣ ዓመታዊ መዋጮ ግን አናውቅም። ይቺን ገደል ለመግዛት ደግሞ መጀመሪያ ሻጭ ያስፈልጋል፤ ልሽጥ ያለ ሰው አልሰማሁም።

የአድዋ ልጅ፦
እናንተ ፎርም ሞሉ ተብላችሁ ይሄን ያህል ስትበሳጩ ሳቄ መጣ። አያቴ ደብረ ዳሞን የተሳለመችው ከታች ቆማ ነው። ወንዶቹ በጠፍር ተስበው ሲወጡ አንገቷን ቀና አድርጋ እያየች። ሴት አይወጣም፣ አለቀ፤ መቶ ፎርም ብትሞላም አትወጣም። እኔ ግን ስሜን ጽፌ ባለፈው መስከረም ሮድሳይድ ላይ አምስት የመውጫ መስመር ወጣሁ።

ጂም ይሻለኛል፦
ያ ገዳም ነው፣ ይሄ መዝናኛ። ምኑን ከምኑ ታገናኚዋለሽ?

የአድዋ ልጅ፦
እኮ! ገዳሙን ሳትከራከር ተቀብለህ ለመዝናኛው ትከራከራለህ።

ጋሽ መንገደኛ፦
ልጆች፣ እኔ አልወጣም፣ ከታች ሆኜ ሻይ የምቀዳ ሰው ነኝ። ግን ከሰባቱ ጋር አንድ ቡችላ ነበረች። ውሻ ክልክል መሆኑን የኮለምበሱ ሲጽፍ ዘለለው።

የኮለምበሱ፦
ጋሼ፣ እርስዎም አጋለጡኝ! እሺ፣ ቡችላዋ ነበረች። መኪና ውስጥ ከሁለቱ ጋር ቀርታለች። ሕግ አንባቢ ስለ ክፍያው ያልከውን አላውቅም ነበር፣ ተቀብያለሁ። ግን አሁንም አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ መግቢያ በር ላይ ቢያንስ የወረቀት ፎርም ቢያስቀምጡ ምን ነበረበት? ከሩቅ የመጣ ሰው የሚታሰበው መቼ ነው?

መኪና ውስጥ የቀረው፦
አንዱ እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፦ ኔትወርኩ ሰበብ ነው። ፎርሙን ሐሙስ ማታ ከፍቼው ነበር። ሙሉ ስም ይላል፣ ከታች ረጅም የሕግ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ «ተስማምቻለሁ»። የእኔ የመኖሪያ ወረቀት ገና በሂደት ላይ ነው። ያላነበብኩት ነገር ላይ ስሜን ማስቀመጥ ፈራሁ፤ ለእናንተ ደግሞ መናገር አፈርኩ። «እዚያው እሞላለሁ» ያልኩት ለዚያ ነው።

ሕግ አንባቢ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ቀድመህ ብትነግረን ኖሮ። እንዲህ ያለው ፎርም በአጭሩ «ገደል አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ፣ ብወድቅ ባለመሬቱን አልከስም» ማለት ነው። በባለመሬቱና ባንተ መካከል የሚቀር የግል ስምምነት ነው። ቢሆንም ሳታነብ አትፈርም፣ ልክ ነህ።

የኮለምበሱ፦
አርብ ማታ እኔ ቤት ኑ፣ አንድ በአንድ እያነበብን አብረን እንሞላለን። ቡችላዋን ማን ይይዝልኛል?

ጋሽ መንገደኛ፦
እኔ እይዛለሁ። ዳቦው ግን መኪና ውስጥ ለሚቀር ሰውም ይድረስ፤ ባለፈው እነዚህ ልጆች ፆማቸውን ነው የዋሉት።