ነን-ካፌ ብላ ለፈረመችው እህቴ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ የምታውቁ እባካችሁ አማክሩኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ እህቴ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። የወጪ መጋራት ውል (ከትምህርት ወጪዋ የሚደርስባትን በኋላ ለመክፈል የምትገባውን ውል) ስትፈርም ከቤት ልመላለስ ብላ ነን-ካፌ፣ ማለትም በግቢው ካፌ መብላት ትታ ምግቡን በገንዘብ መረጠች። በደንቡ መሠረት ዕዳው የሚከፈለው ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ነው፤ እሱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ የዛሬው ነው። የሚሰጣት ብር ለታክሲ እንኳ አይበቃም። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥታ ማታ 2 ሰዓት ትገባለች። ትናንት ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ደብተሯን እንዳቀፈች እንቅልፍ ጣላት። ምሳ በልተሻል ወይ ስላት ዝም ትላለች። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሄዳ ወደ ካፌና ዶርም ልቀየር ብላ ስትጠይቅ «ለሚቀጥለው ዓመት» አሏት። በዓመቱ መሃል ወደ ካፌና ዶርም የተቀየረላችሁ አላችሁ? ማመልከቻው ለማን ይጻፋል? የወረዳ የችግር ማስረጃስ ይጠቅማል?