አዘዞ ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ነው፣ ቁጥጥሩን ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር አራዳ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ቀለም። ሁለት ሠራተኛ ቢኖረኝም እስካሁን ገንዘብ ተቀባይም ስቶር ጠባቂም ራሴው ነኝ። አሁን አዘዞ ልከፍትና ለኮንትራክተሮች በዱቤ እየሰጠሁ ገበያውን ልይዝ ነው። ግን ባለፈው ቆጠራ 14 ጣሳ ቀለም ጎደለኝ፣ ማንን እንደምጠይቅ እንኳ ጠፋኝ። ካሜራ ልግጠም ወይስ ዘመድ ልቅጠር?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እህትዓለም፣ ካሜራ ጣሳውን እንጂ ዱቤውን አያሳይሽም። በዱቤ ላድግ ካልሽ ትልቁ አደጋሽ እሱ ነው፤ አንድ ኮንትራክተር የብረት ዕዳ ይዞ ቢጠፋ ስንት ጣሳ ቀለም እንደሚሆን አስቢው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ግንባታው ይቀዘቅዛል፣ ብሩም አብሮ ይቀዘቅዛል። ለየደንበኛው የዱቤ ጣሪያ ቁረጪ፤ ከዚያ ካለፈ ያለ አንቺ ፊርማ ዕቃ አይውጣ። የማን ዕዳ ስንት ቀን እንደቆየ በየሳምንቱ እይው።

የስቶር ሰው፦ ፈቃጅ፣ ዕቃ ያዥና መዝጋቢ አንድ ሰው አይሁን። መንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ በሞዴል 19 (የገቢ ቅጽ) ገብቶ በሞዴል 22 (የወጪ ቅጽ) የሚወጣው ወዶ አይደለም። አንቺም ተከታታይ ቁጥር ያለው የገቢና የወጪ ፓድ አሳትሚ፣ ለየዕቃው ቢን ካርድ (የገባው፣ የወጣውና የቀረው የሚጻፍበት ካርድ) ያዢ። ያኔ እንደ 14ቱ ጣሳ ሌላ ቢጎድል የት እንደቀረ ይታወቃል። ዘመድ ግን ተይ፣ ሲያጎድል ሽማግሌ ይዞብሽ ይመጣል።

ነጋዴው፦ ኧረ ሱቅ ነው እኮ! ሁለት ሠራተኛ ላላት ሦስት ሰው ከየት ይምጣ? ሰው ካነሰ ባለሱቋ ራሷ ትተካ። ውድ ውድ የሆኑትን አምስት ስድስት ዕቃ ሳትናገሪ ሄደሽ ቁጠሪ፣ የባንክ መግለጫውን ራስሽ አንብቢ። ቴሌብሩም በሱቁ ስም ይሁን። የኔ ሻጭ በራሱ ቁጥር ሲቀበል ከርሞ ያወቅኩት በሁለተኛው ወር ነው።

ኦዲተሯ፦ ኮሶ (COSO) የሚባል የውስጥ ቁጥጥር ማዕቀፍ አለ (በፈረንጆች 1992 ወጥቶ 2013 የታደሰ፤ የሆዱ መድኃኒት አይደለም፣ መራራነቱ ግን ያው ነው 😄)። ከአምስቱ ክፍሎቹ የመጀመሪያው የቁጥጥር ከባቢ ነው። በኛ ቋንቋ፣ አንቺ ሳትጽፊ ከመሳቢያ ብር የምታነሺ ከሆነ ሠራተኛው ያይሻል። የቀሩት አደጋን መለየት፣ የቁጥጥር ሥራዎች፣ መረጃና ተግባቦት፣ እንዲሁም ክትትል ናቸው፤ እነሱን ከላይ ያሉት ሳያውቁት ነግረውሻል።

ጠያቂ፦ የመሳቢያዋ ነገር ነካችኝ 🙈 ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ። ለአዲስ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያው ስንት ይሁን?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ለመጀመሪያው ወር ዜሮ። በካሽ ሲገዛ እይውና እንነጋገራለን።