ክላውድ ቻምበራችን ጉም እንጂ መስመር አላሳየንም፤ የምታውቁ እርዱን

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሳይንስ ክበብ ልጆቼ በስልክ አንድ ቪዲዮ አይተው መጡ። ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ አትላስ ለሚባለው ሙከራ የተሠራ፣ ትልቅ ጎማ የሚመስል አዲስ ዲቴክተር (ቅንጣቶች ሲያልፉ የሚለይ መሣሪያ) በክሬን ተንጠልጥሎ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ያሳያል። «ቲቸር፣ እኛስ አንሠራም?» አሉኝ። እሺ ብዬ ገባሁበት።

የጀመርነው ክላውድ ቻምበር ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ግጥም ብሎ የተዘጋ ግልጽ ሳጥን ነው። ከላይ አልኮል የጠጣ ጨርቅ አለ፤ ወለሉ ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛል። የአልኮሉ ትነት ወደ ታች ሲወርድ ጠብታ ለመሆን ጫፍ ላይ ይደርሳል። ያኔ ከሰማይ የመጣ ሙዮን (ኤሌክትሮንን የሚመስል ግን የሚከብድ ቅንጣት) ካለፈበት በሄደበት መንገድ ነጭ መስመር ይሠራል።

ወለሉን ለማቀዝቀዝ ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከየት ይመጣል? ስለዚህ አንድ ፔልቲየር (በኤሌክትሪክ አንድ ፊቱ የሚቀዘቅዝ ጠፍጣፋ ቁራጭ) ገዝተን፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር በነቀልነው ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልት ሰጠነው። ከሥሩ አሉሚኒየም ቁራጭ አለ። አልኮሉ ከፋርማሲ የተገዛ 70 በመቶ ነው። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይሞቃል። ጉም አለ፣ መስመር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ እውነተኛው ዲቴክተር እንዴት ተሠርቶ እንዴት እንደሚገባ ለልጆቹ የማስረዳቸው ከሥራው ቦታ የመጣ ነገር እፈልጋለሁ።

ፍሪጅ ሠሪው (ደብረ ሲና)፦
መምህር፣ ችግሩ ከሥር ነው። ፔልቲየር ብርድ አይፈጥርም፤ ከአንዱ ፊቱ ሙቀት ወስዶ በሌላው ፊቱ ያወጣል፣ የራሱንም ሙቀት ይጨምርበታል። ያንን ካላስወጡለት ሙቀቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይመጣል። አሉሚኒየም ቁራጭ አይበቃውም። ከኮምፒውተር ፕሮሰሰር ላይ የሚነቀለውን ትልቅ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚበትን ብረት) ከነፋኑ ያድርጉለት፤ መሃሉን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በስሱ ይቀቡት። የደብረ ብርሃን አየር ስስ ስለሆነ ፋን እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም፤ ተለቅ ያለውን ይምረጡ።

ቀጥሎ፣ አንድ ፔልቲየር ብቻውን አያደርስዎትም። ወለሉ ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ መጠጋት አለበት። ሁለት ይደራርቡ። የታችኛውን በ12 ቮልት፣ የላይኛውን በ5 ቮልት። ከዚያው ፓወር ሰፕላይ ቢጫው ሽቦ 12 ነው፣ ቀዩ 5፣ ጥቁሩ ግራውንድ። ሁለቱንም በ12 ካስነሷቸው የላይኛው የሚያወጣውን ሙቀት የታችኛው አይችለውም። ያለ ሂት ሲንክ ደግሞ ለሙከራ ብለውም እንዳያበሩት፤ ይቃጠላል።

የኬሚስትሪ መምህርት፦
70 በመቶው ይቅር። የቀረው 30 በመቶ ውሃ ነው፤ ወለሉ ላይ ውርጭ እየሠራ ያስቸግራችኋል። ትምህርት ቤታችሁ ላብ ውስጥ 99 በመቶ ኤታኖል ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ክብሪትና ሻማ አጠገቡ እንዳይደርስ። አደራ፣ «የደብረ ብርሃን አረቄ ሞክሩበት» የሚል እንዳይመጣ።

የመንዝ ልጅ፦
ሃሃ፣ እኔ እኮ ልጽፈው ነበር። እሺ አረቄው ይቅር፤ ለጨርቁ ግን የአሮጌ ባና ቁራጭ አድርጉ። የመንዝ ሱፍ ፈሳሽ ይዞ ይቆያል፣ ቶሎ አይንጠባጠብም። እኛ በሱ ነው የሠራነው። ሳጥኑና ወለሉ የሚገናኙበትን በመስኮት ጎማ አሽጉት። ወለሉን ጥቁር ፕላስተር አልብሱት። ባትሪውን ከጎን፣ ወለሉን ታክኮ አብሩ፤ ከላይ ካበራችሁ ጉሙ ብቻ ነው የሚታያችሁ።

ሃምቡርግ ያለሁ፦
መምህር፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ልሞክረው። የምሠራው ለአትላስ የሚገባውን አዲስ የሲሊከን ዲቴክተር በሚገጣጥም ላብ ውስጥ ነው።

ልጆቹ ያዩት ጎማ «ኒው ስሞል ዊል» ይባላል። «ስሞል» መባሉ አያታላችሁ፤ ዲያሜትሩ 10 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ100 ቶን በላይ ነው። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ገብተዋል። አትላስ 46 ሜትር ርዝመትና 25 ሜትር ቁመት ያለው፣ 7,000 ቶን የሚመዝን ማሽን ነው። የተቀመጠው 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ነው። የሰርን ሌላው ትልቅ ዲቴክተር ሲኤምኤስ አብዛኛው መሬት ላይ ተሠርቶ ቁራጭ ቁራጩን ነው የወረደው። ትልቁ ቁራጭ 2,000 ቶን ያህል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወርድ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር የነበረው ክፍተት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ማውረዱ ቪዲዮ ላይ ያምራል። ሥራው ያለው ግን ከዚያ በፊት ነው። በእኛ ላብ ሲሊከኑን ከቺፑ ጋር የሚያገናኙት የአሉሚኒየም ሽቦዎች ውፍረታቸው 25 ማይክሮ ሜትር ነው፤ የራስ ፀጉር እንኳ ይወፍራል። ጓንት አድርገን፣ የእጅ አንጓችን በሽቦ ከግራውንድ ጋር ታስሮ ነው የምንነካካው፤ ከሰውነት የሚወጣ ስታቲክ ቺፑን ይገድለዋል።

ዋናው ራስ ምታት ብርድ ነው። ሲሊከን ለዓመታት ጨረር ሲመታው የማይፈለግ ከረንት ያሾልካል፤ ሾልኮ የሚወጣው ደግሞ መልሶ ያሞቀዋል። ስለዚህ በፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዜሮ በታች ይያዛል። ለአዲሱ ዲቴክተር የተሠሩ አንዳንድ ሰንሰሮች በብርድ ሙከራ ላይ ተሰንጥቀው ተገኙ። ላያቸው ላይ የተለጠፈው ሰርኪዩትና ሲሊከኑ ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም፣ ሙጫው ደግሞ አይላቀቅም። መፍትሔው መሃላቸው ለስላሳ ንብርብር መጨመር ሆነ። ይህ ከመሬት በታች ከገባ በኋላ ቢታወቅ ኖሮ ማን ገብቶ ያወጣዋል? ለዚህ ነው እያንዳንዱን ቁራጭ ደጋግመን አቀዝቅዘን አሙቀን የምንፈትነው። ተገጣጥሞ ሲያልቅም ጨረሩ ሳይጀመር ከሰማይ በሚመጡት ሙዮኖች ይሞከራል። የእናንተ ሳጥን የሚያያቸው እነሱኑ ነው።

እርጥበቱም ያው የእናንተው ጣጣ ነው። እኛ ደረቅ አየር እየነፋን ነው ጤዛውን የምናስቀረው፤ እናንተ ደግሞ በመስኮት ጎማ።

የፊዚክስ መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ፔልቲየር ደራርበን፣ ባና ሰቅለን፣ ከላባችን በተገኘ ኤታኖል ሞከርን። ከሰዓት ላይ እምቢ አለ። ልጆቹ ማልደው መጥተው፣ ውርጩ ሳይነሳ መስኮት ከፍተን ስንሞክር ግን መስመሩ መጣ! ቀጫጭንና ቀጥ ያሉ አሉ። አጭርና ወፍራም የሆኑም አየን፤ እነሱ ምንድን ናቸው?

ሃምቡርግ ያለሁ፦
እንኳን ደስ አላችሁ። ረጅምና ቀጥ ያለው በአብዛኛው ሙዮን ነው። አጭርና ወፍራሙ አልፋ የሚባል ቅንጣት ነው፤ ከአፈርና ከግድግዳ ከሚወጣ ራዶን ጋዝ የሚመጣ። የሚጠማዘዝ ቀጭን ክር ካያችሁ ኤሌክትሮን ነው።

የቤት ሥራ ልጨምርላችሁ? ከፍታ ሲጨምር ሙዮን ይበዛል። እናንተ ደግሞ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ፣ በአንድ መንገድ ላይ አላችሁ። እዚህ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ፈልጌ አላገኝም። ለቆጠራ ግን ክላውድ ቻምበር አይመችም። ሁለት የጋይገር ቱቦ (ጨረር ሲያልፍበት ምልክት የሚሰጥ ቱቦ) አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሲመቱ ብቻ በአርዱዊኖ (በፕሮግራም በሚታዘዝ ትንሽ ሰርኪዩት) ቁጠሩ። አንዱ ብቻ ሲመታ ከአፈር የመጣ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቦታ ለእኩል ሰዓት ይቆጠር፤ ቢያንስ ለግማሽ ቀን፣ ቱቦው ትንሽ ስለሆነ።

ፍሪጅ ሠሪው (ደብረ ሲና)፦
የጣርማ በር የመኪና ዋሻ ውስጥ ግን ልጆች ይዛችሁ እንዳትቆሙ፤ መኪናው አይጣል ነው። ደብረ ሲና መሃል ላይ ነች፣ ሱቄ ውስጥ አስቀምጬ እቆጥርላችኋለሁ። መብራት ቢጠፋም ባትሪ አለኝ።

የፊዚክስ መምህር፦
ይሁን፣ ተስማምተናል። ሸዋ ሮቢት የምታስተምሩ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቱቦውንም አዲስ አበባ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ።