የቪሽኑ አቫታሮች በቤተ መቅደስ ቅርጽ ላይ፦ ማን ማን እንደሆነ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ አለት_ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ሕንድ ካሉት የካርናታካና የታሚል ናዱ ቤተ መቅደሶች የተነሡ ፎቶዎችን በየስማቸው እየለየሁ ነው። ያስቸገሩኝ የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ አቫታሮች (ወደ ምድር ሲወርድ የሚይዛቸው መልኮች) ናቸው። አንዱ ናራሲምሃ (አንበሳ ራሱ አቫታር) የሰው ሆድ ይዘረግፋል፣ ሌላው እግሩን አጣምሮ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። «ናራሲምሃ» ተብሎ የአንበሳ ፊት የሌለውም አለ። አንዱ ደግሞ እግሩን እስከ ግንባሩ ሰቅሏል። መለያው ምንድን ነው? አቫታርን «ሥጋዌ» ብዬ መተርጎሜስ ልክ ነው?

መልስ 1፦ መሮና_መዶሻ

ከፊቱ አይጀምሩ፤ ከእጆቹ ይጀምሩ። ሻንክሃ (የሚነፋው ዛጎል)፣ ቻክራ (ክብ ስለት)፣ ጋዳ (ከባድ ዱላ) እና ፓድማ (የሎተስ አበባ) ካሉ ቪሽኑ ነው። አንዱ ወይም ሁለቱ በሌላ ዕቃ ከተተኩ የአቫታሩን ስም የሚነግርዎ ያ ዕቃ ነው፦ መጥረቢያ ፓራሹራማ፣ ቀስት ራማ፣ ማረሻ ባላራማ፣ ዋሽንት ክሪሽና። ዣንጥላና የውሃ ዕቃ የያዘ ድንክ ልጅ ቫማና ነው።

ዓሣውና ኤሊው (ማትስያና ኩርማ) ብዙ ጊዜ ከወገብ በላይ ባለ አራት እጅ አምላክ ናቸው። ታችኛው ክፍል ከተሰበረ የዓሣ ቅርፊት ወይስ የኤሊ ጀርባ ሽፋን መሆኑን ከቀረው ቁራጭ ላይ ይፈልጉ። ኩርማ ለብቻው ካልተገኘ በባሕር መናጥ ትዕይንት ውስጥ ይፈልጉት፤ ተራራው ኤሊው ጀርባ ላይ ተተክሎ፣ እባቡ ቫሱኪ ገመድ ሆኖ፣ አማልክትና አሱራዎች (ባላንጣዎቻቸው) በሁለት ወገን ይጎትቱታል። ካምቦዲያ አንኮር ዋት ውስጥ ይኸው ትዕይንት 49 ሜትር ያህል ግድግዳ ይዟል።

የአንበሳ ፊት የሌለው «ናራሲምሃ» ስሕተት ላይሆን ይችላል። አራቱ ዕቃዎች በአራት እጅ ሲቀያየሩ 24 አሰላለፍ ይወጣል፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም አለው። ከ24ቱ ስሞች መካከል ናራሲምሃ፣ ቫማና፣ ትሪቪክራማ፣ ክሪሽና ይገኛሉ፤ ሁሉም ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ተራ ቪሽኑ ናቸው እንጂ አቫታር አይደሉም። አቆጣጠሩ ከታችኛው ቀኝ እጅ ይነሣና ወደ ላይኛው ቀኝ፣ ወደ ላይኛው ግራ፣ ወደ ታችኛው ግራ ይሄዳል። ሎተስ፣ ዛጎል፣ ቻክራ፣ ዱላ ከሆነ በብዙው ዝርዝር ኬሻቫ ነው። ቀኝ ማለት የአምላኩ ቀኝ ነው፣ የተመልካቹ አይደለም። ፎቶው ቀኝና ግራው ተገልብጦ ከታተመ ደግሞ ስሙም አብሮ ይገለበጣል፤ ስለዚህ አጠገቡ ጽሕፈት ካለ ፊደሉ በትክክል መነበቡን አስቀድመው ያረጋግጡ።

መልስ 2፦ የበር_መድረክ

ስለ ናራሲምሃ ልጨምር። ናራሲምሃ የገደለው ንጉሥ ሂራንያካሺፑ ከአምላኩ ከብራህማ የተቀበለው ቃል ሰውም አውሬም እንዳይገድለው፣ በቤትም በደጅም፣ በቀንም በሌሊትም፣ በምድርም በሰማይም፣ በምንም መሣሪያ እንዳይሞት ነበር። ቅርጹ ለዚያ ቃል አንድ በአንድ መልስ ይሰጣል፦ የአንበሳ ራስ በሰው ገላ ላይ፤ በቤትና በደጅ መካከል ያለው የበር መድረክ፤ ምድርም ሰማይም ያልሆነው ጭን፤ መሣሪያ ያልሆነው ጥፍር። ጀንበር ስትጠልቅ የሚለውን ብቻ ድንጋይ ሊያሳየው አልቻለም።

ከተሰነጠቀ ምሰሶ ሲወጣ ከታየ የታሪኩ መጀመሪያ ነው፤ ሆድ ሲዘረግፍ መጨረሻው። ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ጉልበቶቹን የሚያስር መቀነት ካለው ዮጋ ናራሲምሃ ነው፤ ጭኑ ላይ ሴት (ሚስቱ ላክሽሚ) ካለች ላክሽሚ ናራሲምሃ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርናታካ ውስጥ ሃምፒ ያለውን 6.7 ሜትር ቅርጽ (በ1528 እ.ኤ.አ.፣ በንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ ዘመን የተሠራ) ያፈጠጡትን ዓይኖቹን አይተው «ኡግራ»፣ ቁጡው ይሉታል። ግን ላክሽሚ ናራሲምሃ ነበር። ጭኑ ላይ የነበረችው ላክሽሚ ተሰብራ ወድቃለች፤ ከጀርባው ያቀፈችበት እጇ ግን አሁንም ይታያል። በጉልበቶቹ መካከል የተጋደመው የድንጋይ መቀነትም በጥገና የገባ ስለሆነ እሱን ብቻ አይቶ ስም መስጠት አያዋጣም። ፊት ሳይሆን ጀርባ ይዩ።

(ታሚል ናዱ ውስጥ ዳራሱራም ላይ፣ ሌላውን ታላቅ አምላክ ሺቫን የሚያመልኩ ወገኖች ያስቀረጹት መልስም አለ፦ ሺቫ ሻራባ የሚባል አውሬ ሆኖ ናራሲምሃን ሲያሸንፍ። የሁለት ሃይማኖታዊ ወገኖች ክርክር በድንጋይ ማለት ነው።)

መልስ 3፦ መሮና_መዶሻ

እግሩን የሰቀለው ትሪቪክራማ ነው፤ ድንኩ ቫማና ካደገ በኋላ። ንጉሥ ባሊ ሦስት እርምጃ መሬት ሲፈቅድለት ዓለማትን ረገጣቸው። የእግሩን ከፍታ ይለኩ፦ እስከ ሌላኛው ጉልበት ከሆነ ምድርን፣ እስከ እምብርት ከሆነ መካከለኛውን ዓለም፣ እስከ ግንባር ከሆነ ሰማይን መርገጡ ነው። ማሃባሊፑራም ውስጥ፣ በቫራሃ ዋሻ፣ ስምንት እጅ ይዞ ያገኙታል። ባዳሚ ዋሻ 3 ውስጥም አለ፤ ያ ዋሻ በ578 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ጽሕፈት ስላለው ሌሎችን ለማነጻጸር ጥሩ መነሻ ነው።

ከርከሮው ቫራሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የከርከሮ ራስ በሰው ገላ ሆኖ የምድርን አምላክ ቡዴቪን ከውሃ ያወጣል፤ እንደ ኡዳያጊሪ ዋሻ 5፣ ሞገዱ በሚወዛወዝ መስመር ተፍቆ። ሁለተኛው ሙሉ እንስሳ ነው። የካጁራሆው ከአንድ ድንጋይ የወጣ ሲሆን ገላው ላይ 674 ትናንሽ ምስሎች በረድፍ ተቀርጸዋል፤ ፍጥረት ሁሉ በእሱ ላይ ተጣብቆ ይድናል ለማለት። አፍንጫው የተሰበረ ቫራሃ ከሩቅ አንበሳ ይመስላል፤ ክንዱ ላይ ወይም ክርኑ ላይ ሴት ካለች አይጠራጠሩ።

መልስ 4፦ ቃል_ፈታሽ

«ሥጋዌ» አይሁን። አቫታራ በሳንስክሪት «አቫ» (ወደ ታች) እና «ትሪ» (መሻገር) ከሚሉት የመጣ ነው፤ ከግእዙ «ርደት» ይቀርበዋል። ሥጋዌ አንድ ጊዜ ፍጹም ሰው መሆንን የሚናገር ቃል ነው፤ ዓሣና ከርከሮ መሆን አይገባበትም። እኔ «አቫታር» ብዬ እተወዋለሁ። ሺቫ ላይ ግን ይህን ቃል አይጠቀሙ፤ ናታራጃ (የሚጨፍረው ሺቫ) ሙርቲ ነው፣ የራሱ የሺቫ ገጽታ።

ጠያቂ፦ አለት_ወዳድ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ፦ በዋናው ምስል ዙሪያ ካለው ክፈፍ ላይ አሥሩን ዋና አቫታሮች ስቆጥር ክሪሽና የለም፣ ማረሻ የያዘው ግን አለ። ጎድሏል ማለት ነው?

መልስ 5፦ የበር_መድረክ

አልጎደለም። ክሪሽናን የአቫታሮች ምንጭ አድርገው የሚቆጥሩ ወገኖች ከተርታው ያወጡትና ስምንተኛውን ለባላራማ፣ ዘጠነኛውን ለቡድሃ ይሰጣሉ። ቡድሃን የማያስገቡት ደግሞ ባላራማንና ክሪሽናን አከታትለው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ከካልኪ (ከመጨረሻው፣ ከአሥረኛው አቫታር) ፈረስ ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ልዩነቱ ያለው ከፈረሱ በፊት ባሉት ሁለት ቦታዎች ላይ ነው።