«በፈቃድ የተሠራ» የሚለው ማኅተም ምን ያረጋግጣል? (ክርክር)

አወያይ፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። አንዳንድ የአዋቂዎች ፊልም አዘጋጆች ሥራቸውን «ሥነ ምግባሩን የጠበቀ» ይሉታል። መመዘኛውን ሕግ ያውጣው ወይስ ለተዋንያኑ ይተው? መነሻችን ሎስ አንጀለስ ትሁን። እ.ኤ.አ. በ2012 የካውንቲው መራጮች ቀረጻ ላይ ኮንዶም ግዴታ እንዲሆን ወሰኑ፤ በ2016 ግን የካሊፎርኒያ መራጮች ለመላው ክፍለ ግዛት የቀረበውን ተመሳሳይ ሐሳብ ጣሉት። የሚሳደብ ይወጣል።

ሄኖክ፦ ግዴታው ልክ ነበር። ግንበኛ «ሄልሜት አልፈልግም» ቢል ፎርማኑ አይሰማውም።

ሰላም፦ ሄልሜት ጭንቅላት አይልጥም ሄኖክ። ቀረጻ በመብራትና በካሜራ ማስተካከያ እየተቆራረጠ ሰዓታት ይፈጃል። የኮንዶሙ ላቴክስ ሲደርቅ ቆዳ ይፍቃል፤ የተፋቀ ቆዳ ደግሞ ለበሽታ በር ነው። በየመሀሉ አዲስ መቀየር፣ ውኃ ነክ ማለስለሻ ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። ቫዝሊን ወይም የሕፃን ዘይት ከነካው ወዲያው ይዳከምና ይቀደዳል። ሕጉ «ይደረግ» ብሎ ሄደ፤ ይህን ማን ይከታተል?

ሄኖክ፦ እንግዲያው ሰው ይመደብ! ይህ ጭራሽ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ሲስተር ማርታ፦ ሁለታችሁም ምርመራውን ዘለላችሁት። እዚያ የተለመደው በየ14 ቀኑ መመርመር ነው። የሚሠራው የኤችአይቪ ምርመራ ፀረ እንግዳ አካል የሚያየው ሳይሆን የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልገው ነው። የመጀመሪያው ከተጋለጡ በኋላ ከ23 እስከ 90 ቀን፣ ሁለተኛው ከ10 እስከ 33 ቀን ይፈልጋል። እንግዲህ ቁጥሩን አስተያዩት፤ «ትናንት ተመርምሬ ነፃ ነኝ» የሚል ወረቀት ስላለፈው ሳምንት ምንም አይነግራችሁም። ናሙናውም ጣጣ አለው። ጨብጥና ክላሚዲያ በሽንት ብቻ ከታዩ ጉሮሮና ፊንጢጣ ውስጥ ያለው ያመልጣል፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ከሦስቱም ቦታ ካልተወሰደ ወረቀቱ ግማሽ ነው። በየቀኑ የሚዋጠው የኤችአይቪ መከላከያ ክኒንም ቂጥኝን አይነካውም።

ብሩክ፦ የ2016ቱን ተዋንያኑ ራሳቸው ለምን እንደተቃወሙት ልጨምር። ማንኛውም የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ጥሰት አየሁ ብሎ አቤት ካለ፣ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱም ዝም ካለው፣ ራሱ መክሰስ ይችል ነበር። በመድረክ ስም የምትሠራ ሴት ፍርድ ቤት ስትጠራ እውነተኛ ስሟና አድራሻዋ ሊወጣ ነው። የሚያሳድዳት ተመልካች ላለባት ይህ ቀልድ አይደለም።

ሰላም፦ ለእኔ መመዘኛው የፈቃድ ወረቀቱ የተፈረመበት ሰዓት ነው። ዝርዝሩ ከቀረጻው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ለተዋናይቷ ይድረሳት፤ የሆሊውድ ተዋንያን ማኅበርም ለእርቃን ትዕይንት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሜካፑ ካለቀ በኋላ በር ላይ የሚዘረጋ ወረቀት ማስፈረም እንጂ ፈቃድ መጠየቅ አይባልም። ዝርዝሩ ከማን ጋር፣ ምን ድረስ፣ የት እንደሚታይ ይላል። የማቆሚያ ቃል ይኖራል፤ ቃሉ ሲነገር ካሜራ ይጠፋል፣ ክፍያው ሳይቆረጥ ይሰጣል። ማጭበርበሩ ያለው እዚህ ነው፦ «ስትፈልጊ አቁሚ» ይሏታል፣ ካልጨረሰች ግን ገንዘብ የለም። የቤት ኪራይ የደረሰባት ሰው ታዲያ ምኑን ታቆማለች?

ብሩክ፦ ጥሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሐሳቧን ብትቀይርስ? ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ካርዱን የሚቀበሉ ገጾች የሚታየውን ሰው ሁሉ ማንነት፣ ዕድሜና ፈቃድ በሰነድ እንዲያስይዙ፣ አቤቱታንም በ7 የሥራ ቀን እንዲቋጩ አዟል። ያ ግን ያለ ፈቃድ ለወጣ ነው። ፈቅዳ ለተጸጸተች ምን አለ? ውል ውል ነው።

ሰላም፦ ውሉ ላይ የጊዜ ገደብ ይግባ፤ ጊዜው ሲያልቅ ካላደሰችው ይነሳ። ከአዘጋጁ ገጽ ቢነሳም የተሰረቀው ቅጂ ሌላ ቦታ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ያንን ሳይነግሯት ያስፈረሟት ግን ገና ከመነሻው አታለዋታል።

ወይንሸት፦ እኛ አገር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 መሥራቱም ማሰራጨቱም ያስቀጣል፤ ስለዚህ ስለ ማኅተሙ መጨቃጨቅ ለጊዜው ቅንጦት ነው። ስልኩ ግን ልጆቹ እጅ ላይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ ቤት ውስጥ ግን ለሰውነት ክፍሉ እንኳ «እዚያ ጋ» እንጂ ስም የለንም። «እዚያ ጋ ነካኝ» የሚል ልጅ ምን እንደደረሰበት በምን ይታወቅ?

ሄኖክ፦ እህቴ፣ ስለ ወሲብ ማስተማር ሌላ፣ ገበያውን ማስዋብ ሌላ። አታቀላቅይው።

ወይንሸት፦ አላቀላቀልኩም። የ14 ዓመቱ ልጅ ያየው ተቆራርጦ የተቀጠለ መሆኑን፣ የማቆሚያ ቃሉና የ48 ሰዓቱ ወረቀት ከምስሉ ውጭ እንደቀረ ማን ይንገረው?

ሄኖክ፦ አባቱ ይንገረው።

ወይንሸት፦ በየትኛው ቃል?