«በአንድ እጅ አይጨበጨብም» አትበሉኝ

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት የአጎቴን ልጅ ሽምግልና ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ፤ እስካሁን አልበረደልኝም። ልጁ አሳ አጥማጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ መረቡን ጣና ሐይቅ ላይ ደብረ ማርያም ማዶ ጥሎ፣ ሊነጋጋ ሲል ሊያነሳ ቢሄድ መረቡ ለሁለት ተበጥሷል። የበጠሰው የሞተር ጀልባ ነው። ባለጀልባውም አልካደም። «እኔ ነኝ፣ ጨለማ ነበር» ብሏል። እንግዲህ ያመነ ሰው ይከፍላል አይደል? ሽማግሌዎቻችን ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቡና ጠጥተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጆቼ፣ በአንድ እጅ አይጨበጨብም። ከሁለታችሁም ጥፋት አለ። አንተም ተው፣ አንተም ተው። ተቻቻሉ።» ተሳሳሙ ተባሉ፣ ተሳሳሙ። አለቀ። ልጁ የተቀደደ መረቡን በፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ።
የሱ ጥፋት የቱ ነው? አሳ ማጥመዱ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ግን ሽማግሌ ዳኛ አይደለም። ዳኛ ፈርዶ ይሄዳል። ሁለቱ ሰዎች ነገም እዚያው ዳርቻ ላይ ይገናኛሉ። ማዕበል ተነስቶ ታንኳ ሲገለበጥ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው? ያው ባለሞተሩ ነው። ሽማግሌው የሚያስበው ያንን ቀን ነው እንጂ መረቡን አይደለም።

ባለባጃጅ፦
ጋሼ፣ በአንድ እጅ አይጨበጨብም፣ እውነት ብለዋል። በአንድ እጅ ግን በጥፊ ይመታል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ገደልከኝ! ይቺን ትናንት ባውቃት ኖሮ ሽማግሌዎቹ ፊት እላት ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ጥፊም ቢሆን ፊቱን ያቀረበ ሰው አለ።

የቀበሌ 14ቷ፦
«ፊቱን ያቀረበ»? ጋሼ፣ እባክዎ የጻፏትን መልሰው ያንብቧት። እኔ ፊቴን ያቀረብኩት እራት ሳቀርብ ነበር። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦልናል። ሦስቱንም ጊዜ እሱን «እጅህን ሰብስብ» አሉት፣ እኔን «አንቺም አፍሽን ሰብስቢ»። አያችሁ ሚዛኑን? የሱ እጅና የኔ አፍ እኩል መዘኑ። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ሽማግሌ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ቻይው ልጄ» አሉኝ። እሱን «ቻላት» ያለው የለም። ገበታው ላይ የቀረውን ዳቦ እያነሳሁ ነበር፤ እስከ ዛሬ ዳቦውን ሳይ ድምፃቸው ይመጣብኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
እህቴ፣ እኔ ስለ መረብ ነው ያወራሁት። ስለ ቤትሽ አላወራሁም።

የቀበሌ 14ቷ፦
አባባሉ እኮ አንድ ነው ጋሼ። መረብ ሲቀደድም እሱ፣ ጥርስ ሲወልቅም እሱ።

ዘጌ ቡና፦
እኔ የምገረመው በ«ተቻቻሉ» ነው። መቻቻል እኮ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። መሳሳም፣ መተቃቀፍ፣ መቻቻል። አንዱ ብቻ ከቻለ ያው መቻል ነው፣ ሸክም መሸከም። የኛ ሽማግሌዎች አንዱን ያሸክሙና «ተቻቻሉ» ብለው ይመርቃሉ።

የጀልባ ሰው፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። በጠሰ የተባለው ሰው እኔ አይደለሁም፤ ጀልባ ግን እንጀራዬ ነው። እስቲ የኛንም ስሙ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምንሄድበት መንገድ ይታወቃል። በሌሊት ያንኑ መንገድ አቋርጠው መረብ ይዘረጋሉ። ምልክቱ ምንድን ነው? ባዶ ሃይላንድ! ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ላስቲክ በጨለማ ማን ያየዋል? መረቡ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ቀጥ ይላል። ሰው ጭኜ መሃል ሐይቅ ላይ በጥርሴ ናይለን የበጠስኩበት ቀን አለ። ማን ካሰኝ? ማንም። ቻልኩት።

የሽምብጥ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሐይቁ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ አካባቢ ነው። መንገድህን ጠብቅ፣ ሌላው ለኛ ይብቃን።

የጀልባ ሰው፦
እኔም ያልኩት እኮ ያንኑ ነው። መንገዴ ላይ አትዘርጉ። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የአጎትህ ልጅ መረብ የትኛው ነው? ያቺ እንደ ፀጉር የቀጠነችው፣ ዓይኗ ጠባብ፣ ጫጩቱን ሁሉ የምትለቅመው አይደለችም?

የሽምብጥ ልጅ፦
እሷ ከምን መጣች አሁን?

የጀልባ ሰው፦
መልስልኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እሷ ናት እንበል። እና?

የጀልባ ሰው፦
በቃ። በአንድ እጅ አልተጨበጨበም።

ባለባጃጅ፦
ጭብጨባው መጣ እንግዲህ።

ጥቁር ካባ፦
ቆይ ቆይ። እዚህ ጋ ነገር ተደባለቀ። መረቧ ክልክል ከሆነች በራሷ ትጠየቅበት፤ ይወረስ፣ ይቀጣ። ግን መረቡን የቆረጠው የዓይኗ ጥበት ነው? ሰፊ ዓይን ቢሆን ኖሮ ፕሮፔለሩ ይራራለት ነበር? ጥፋት አለበት ማለትና ለዚህ ጉዳት ጥፋተኛ ነው ማለት ለየቅል ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ቁጥር 2098 ደግሞ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ ከሆነ ካሳው ይቀነሳል ይላል። ስለዚህ «በአንድ እጅ አይጨበጨብም» የሚለውን ሕጉም ያውቀዋል። ግን ሕጉ ጣት ይቆጥራል። ስንት ጣት ከዚህ፣ ስንት ከዚያ። ሽማግሌዎቹ ሳይቆጥሩ እጅ ለእጅ አያያዙ። ጨለማ ውስጥ ምልክት አለማድረጉ ይቆጠርበት፤ እስማማለሁ። የመረቧ ዓይን ግን አይቆጠርም።

ዘጌ ቡና፦
«ጣት ይቆጥራል»። ጠበቃ ሲቆጥር አንድ ጣት ለራሱ ያስቀራል።

ጥቁር ካባ፦
ሃሃ። ልክ ነህ፣ ይርጋውንም ልንገራችሁ። የዚህ ዓይነት ክስ ሁለት ዓመት ካለፈው ይታገዳል። ሽማግሌ እየጠራ «ለፋሲካ እንየው» ሲባል የሚቆይ ሰው ብዙ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
አሁን ደግሞ መረብ ለመጠገን ፍርድ ቤት ይመላለስ ልትሉ ነው። ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ ቀጠሮ። በዚያ ሁሉ ቀን ስንት ቀረሶ ያመልጠዋል? ባለጀልባውም ተከስሶ ሲሸነፍ፣ የሚቀጥለውን መረብ አይቶ ዝም ብሎ ያልፍበታል። ያኔ «አዎ እኔ ነኝ» የሚል ሰው አታገኙም። ሰው ጥፋቱን የሚያምነው ይቅር የሚለው እንዳለ ሲያውቅ ነው።

የቀበሌ 14ቷ፦
ይቺኛዋ እውነት አላት ጋሼ። ግን ይቅርታ የሚባለው ጥፋቱ ከተነገረ በኋላ ነው። «ከሁለታችሁም» ከተባለ ማን ማንን ይቅር አለ? እኔ ባለቤቴን ይቅር ለማለት ዝግጁ ነበርኩ። ይቅር የምለውን ነገር ስም የጠራልኝ ጠፋ።

ጡረተኛው መምህር፦
እሱን አልክድም።

የቀበሌ 14ቷ፦
ደግሞም በድሮው ሕግ ቢሆን ፍቺዬንም የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ። አሁን ፍርድ ቤት ነው። እግዜር ይስጠው።

ባህል ጠባቂ፦
እንዲህ እየተባለ ነው ትዳር የፈረሰው። እናቶቻችን ችለው ነው እኛን ያሳደጉን።

የቀበሌ 14ቷ፦
አባቶቻችሁስ ምን ችለው አሳደጓችሁ?

ባህል ጠባቂ፦
እህቴ በጨዋ ቋንቋ።

የቀበሌ 14ቷ፦
ምን አልኩ? ጠየቅኩ እንጂ።

ደንቢያዊው፦
እኔ ከሐይቁ ማዶ ነኝ። ስለ «ሁለታችሁም» ስታወሩ የታየኝ እምቦጭ ነው። አረሙ ሐይቁ ላይ ከታየ አስር ዓመት አልፎታል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የወር ዘመቻ ሲታወጅ ውሃው ውስጥ ጭኔ ድረስ ገብቼ ነቅያለሁ፤ እጄን እያሳከከኝ ማታ እንቅልፍ አልነበረኝም። ታዲያ ስብሰባ ላይ ምን ይባላል? «ሁላችንም ጥፋተኛ ነን።» እኔና ፍሳሽ ወደ ሐይቁ የሚለቀው እኩል ጥፋተኛ! ሁሉም ጥፋተኛ የሆነ ቀን ማንም አይጠየቅም። አረሙ ብቻ ይስቃል።

የጀልባ ሰው፦
ማዳበሪያውስ? ከናንተ ማሳ አይደል በጎርፍ የሚገባው?

ደንቢያዊው፦
ይኸው! አልኩ አይደል! አሁን ደግሞ የኔ ጣት ሊቆጠር ነው።

ጥቁር ካባ፦
ይቆጠራላ ወንድሜ።

ደንቢያዊው፦
ቁጠሩት። ግን የባሕር ዳሩን ፍሳሽ አስቀድሙ። ቅርብ ነው፣ ታክሲም አያስፈልገው።

ባለባጃጅ፦
ባጃጅ አለ።

ባህል ጠባቂ፦
በነገራችን ላይ ሰውዬው መረብ የጣለው በሁዳዴ ነው አይደል? ቅጣት ነው እኮ። በጾም አሳ!

የሽምብጥ ልጅ፦
የቱ ቅጣት? አሳ የሚሸጠው በጾም ነው። ገበያ ውጣና እይ፣ ቀረሶ በዚህ ወቅት ሰልፍ አለው።

ባህል ጠባቂ፦
ሰልፍ ስላለ ተፈቀደ ማለት ነው?

ዘጌ ቡና፦
ኧረ እባካችሁ ይሄን አሁን አትክፈቱት። አባቴና አጎቴ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ጾም ሳይነጋገሩ ከርመዋል።

ባህል ጠባቂ፦
አሳ ደም አለው፤ ክርክር የለውም።

የጀልባ ሰው፦
የአሳውን ደም ተውና ክረምት ላይ ነጭ አሳ እንቁላል ሊጥል ወደ ርብና ጉማራ ሲወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋውን ተናገር። ያ ነው ኃጢአት። ልጆቹ የሚበሉት እንዳይኖር ዘር መጨረስ።

ታዛቢው፦
እናንተ የመረብ ሽምግልና ታወራላችሁ። አገሩ ሁሉ «ከሁሉም ወገን ጥፋት አለ» እየተባለ አይደል የሚሸመገለው? በ2011 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ2014 ደግሞ የምክክር ኮሚሽን። በአንድ እጅ አይጨበጨብም፣ በአንድ እጅ አይጨበጨብም። የሞተው ሰው ስንተኛው እጅ ነው?

ዘጌ ቡና፦
ፖለቲካ ባታመጣብን።

ታዛቢው፦
እኔ አላመጣሁም። አባባሉ ይዞት መጣ።

ጡረተኛው መምህር፦
ወንድሜ፣ ደም የፈሰሰበት ነገር መረብ አይደለም። በኛ አገር ደም እንኳ ሲታረቅ ገዳይ ቀርቦ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ «ገድያለሁ» ብሎ ነው። ካሳውም ይቆረጣል። ማንም ለሟች ቤተሰብ «በአንድ እጅ አይጨበጨብም» አይልም። ያንን የሚል ሽማግሌ ሳይሆን አድርባይ ነው።

ባለባጃጅ፦
ጋሼ፣ እንግዲያው ለደም የሚሠራው ለመረብ ለምን አይሠራም? ድንጋይ ተሸከም ያለው የለም። የመረቡን ዋጋ ተሸከም ነው ያልነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነህ፣ ካሳ መቆረጥ ነበረበት። ያንን አልተከራከርኩም።

የሽምብጥ ልጅ፦
አልተከራከርኩም? ከጠዋት ጀምሮ ምን ሲያደርጉ ነበር?

ጡረተኛው መምህር፦
ስለ አባባሉ ነው የተከራከርኩት። አባባሉን አትስደቡት፤ የተጠቀሙበትን ሰዎች ውቀሱ።

ዘጌ ቡና፦
አባባልም ጥፋተኛ ሆኖ ያውቃል?

ባለባጃጅ፦
ከአባባሉም ጥፋት አለ፣ ከሽማግሌዎቹም ጥፋት አለ። ተቻቻሉ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ቆዩ ቆዩ፣ የአጎቴ ልጅ አሁን ደወለ። ባለጀልባው ማታ ቤቱ ድረስ ሄዶ «የመረቡን ግማሽ ልክፈልህ፣ ኅሊናዬ አላስተኛኝም» ብሎታል።

ጡረተኛው መምህር፦
አየህ!

የሽምብጥ ልጅ፦
ምኑን ነው የማየው? ልጁ አልቀበልም ብሏል።

የቀበሌ 14ቷ፦
ለምን?

የሽምብጥ ልጅ፦
«ታርቀናል እኮ፣ አሁን ገንዘብ ብቀበል ሽማግሌዎቹ ይታዘቡኛል» አለ።

ጥቁር ካባ፦
ተቀበል በለው! በጽሑፍ ያድርጉት!

የጀልባ ሰው፦
ሰውዬው ጨዋ ነው አላልኳችሁም?

የሽምብጥ ልጅ፦
አላልክም። «በጥርሴ ናይለን በጠስኩ» ነው ያልከው።

የቀበሌ 14ቷ፦
ደግሞ ግማሽ መረብ ምን ይይዝለታል?